ባቲ ከተማው ወይስ ባቲ ቅኝቱ? ጽሑፎችን በብዙ ታክሶኖሚ ስለ ማጣራት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ስለ ወሎ ዜማና ታሪክ የሰበሰብኳቸውን ወደ 600 የሚጠጉ ጽሑፎች ዎርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ አስቀምጫለሁ። ጎብኚው ቅኝት፣ ቦታና የጽሑፍ ዓይነት መርጦ እንዲያጣራ ብዬ አንድ ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ጫንኩ። ሁለት ነገር ሲመረጥ ግን ሁለቱንም የሚያሟላውን ብቻ ሳይሆን አንዱን የሚያሟላውንም ሁሉ ይደረድራል። ሰለቸኝና ኮዱን ራሴ ጻፍኩት። አሁን ሦስቱም ሲመረጡ ይሠራል፤ አንዱ ሳጥን ሳይመረጥ ከቀረ ባዶ ገጽ ይመጣል። ወደ ሁለተኛው ገጽ ሲታለፍ ደግሞ ምርጫው ይጠፋል። የካቴጎሪዎቼን ዝርዝር አያይዣለሁ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦

አብሽሪ እህቴ፣ ሦስቱም መፍትሔ አላቸው። ከኮዱ በፊት ግን የላክሽው ዝርዝር ላይ ያየሁት ነገር አለና ከሱ ልጀምር። እሱ ካልተስተካከለ ምንም ዓይነት ኮድ አያድንሽም።

ዝርዝርሽ ውስጥ «ባቲ» የሚል አንድ ካቴጎሪ አለ። የትኛው ባቲ ነው? ከእናንተ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው፣ በሰኞ ገበያዋ የምትታወቀው ከተማ ናት? ወይስ ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ የሆነው ባቲ? አንቺ ሁለቱንም እዚያው አስገብተሻል። አምባሰልም እንደዚያው ነው። ወረዳውም ተራራውም ቅኝቱም አንድ ካቴጎሪ ውስጥ ተቀምጠዋል። ውጫሌ ደግሞ አምባሰል ወረዳ ውስጥ ስለሆነች፣ በ1881 ዓ.ም. ስለተፈረመው የውጫሌ ውል የጻፍሽው እዚያው ገብቷል። ስለዚህ የአምባሰል ቅኝትን ፈልጎ የመጣ ሰው ከምኒልክና ከጣሊያን ውል ጋር ይገናኛል። ማሽኑ አልተሳሳተም። የነገርነውን ነው ያደረገው።

ታክሶኖሚ ማለት አንድ ጥያቄ ማለት ነው። «የት?» አንድ ታክሶኖሚ ነው። «በየትኛው ቅኝት?» ሌላ ነው። «ምን ዓይነት ጽሑፍ?» ሦስተኛ ነው። በአንድ ታክሶኖሚ ውስጥ ያሉት ተርሞች ደግሞ ለዚያ ጥያቄ የሚሰጡ መልሶች ናቸው። «ባቲ» ለሁለት ጥያቄ መልስ ከሆነች ሁለት ቦታ መኖር አለባት። በቦታ ስር ባቲ፣ በቅኝት ስር ባቲ። በስም ይመሳሰላሉ፣ በመለያ ቁጥር ግን ይለያያሉ። ዎርድፕሬስ ድሮ እንዲህ ዓይነት ተመሳሳይ ስሞችን በአንድ መለያ ቁጥር ያያይዛቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ከወጣው ከ4.1 ጀምሮ ግን አዲስ የሚፈጠሩት ለየብቻ ናቸው። ቀጣዮቹ እትሞች የቆዩትንም ለያይተዋቸዋል። ስለዚህ ያለ ስጋት ሁለቱንም ፍጠሪያቸው።

ታክሶኖሚ የሚመዘገብበት ፈንክሽን «ሬጂስተር ታክሶኖሚ» ይባላል። የቴክኒክ ስሞቹን የምጽፍልሽ በአነባበባቸው ነው። ኮዱ ውስጥ ሲገቡ በትንንሽ የላቲን ፊደል፣ ቃላቱ በታች ሰረዝ ተያይዘው ይጻፋሉ። ሦስቱንም እርከን ያላቸው አድርጊያቸው፤ ማለትም እንደ ካቴጎሪ ምልክት እየተደረገ የሚመረጥ እንጂ እንደ ታግ እየተተየበ የሚገባ አይሁን። ይህን አጥብቄ የምነግርሽ በኛ ፊደል ምክንያት ነው። ታግ ስትተይቢ ዛሬ «ሐይቅ» ትያለሽ፣ ነገ «ሃይቅ»። የማሪቱ ለገሠን ስም ዛሬ በንጉሡ ሠ፣ ነገ በእሳቱ ሰ ትጽፊያለሽ። ላንቺ አንድ ናቸው። ለዳታቤዙ ግን ሁለት የተለያዩ ተርሞች ናቸው። ጽሑፎችሽ ለሁለት ይከፈላሉ፤ አንዱን የመረጠ ሰው ግማሹን አያገኝም። ከዝርዝር ላይ የሚመረጥ ከሆነ ግን ፊደሉን አንድ ጊዜ ትወስኛለሽ፣ አበቃ።

ፊደልን ካነሳን አይቀር፣ ስለ ስለጉም ልንገርሽ። ስለግ ማለት አድራሻው ላይ የሚታየው የተርሙ አጭር መጠሪያ ነው። ባዶ ከተውሽው ዎርድፕሬስ ከአማርኛው ስም ራሱ ይሠራዋል። ችግሩ አንድ የግዕዝ ፊደል አድራሻ ውስጥ ሲገባ በፐርሰንት ምልክት ተቀይሮ 9 ቦታ መያዙ ነው። ለስለግ የተፈቀደው 200 ቦታ ነው። 200ን ለ9 ስታካፍይ 22 ፊደል ይደርስሻል። ከዚያ የረዘመ ስም መጨረሻው ይቆረጣል። «በደቡብ ወሎ ዞን የተቀረጹ የሠርግና የለቅሶ ዘፈኖች» ብለሽ ብትሰይሚ ስለጉ ሳያልቅ ይቆረጣል። ስለዚህ ስሙን በአማርኛ፣ ስለጉን አጠር አድርገሽ በላቲን ፊደል ጻፊ። አድራሻው ቴሌግራም ላይ ሲላክም የፐርሰንት ጫካ አይሆንም።

አሁን ወደ ችግሮችሽ።

የመጀመሪያው፣ ፕለጊኑ አንዱን ብቻ የሚያሟላውንም የመደርደሩ ነገር ነው። እዚህ ደሴ ፒያሳ አንድ ደላላ ጋ ሄደሽ «ሆጤ ወይም ሸዋበር፣ ሁለት ክፍል፣ ውሃ ያለው» ብትይው፣ ሆጤ ያለ ውሃ የሌለው አንድ ክፍል አያሳይሽም። በሰፈሮቹ መካከል «ወይም» እንዳለ፣ በሰፈርና በክፍል ብዛት መካከል ደግሞ «እና» እንዳለ ያውቃል። ማንም አላስተማረውም። ፕለጊንሽ ይህን አያውቅም። ሁሉንም በ«ወይም» ነው የሰፋው። ባቲን ከደሴ ጋር ስትመርጪ፣ ባቲ ቅኝት ያለውንም ስለ ደሴ የተጻፈውንም ሁሉ ያመጣል።

የሚያስፈልግሽ ይህ ነው፦ በአንድ ሳጥን ውስጥ «ወይም»፣ በሳጥኖች መካከል «እና»። ቦታ ላይ ደሴንና ኮምቦልቻን የመረጠ ሰው ከሁለቱ የአንዱን ይፈልጋል። ከዚያ ላይ ቅኝት አምባሰል ካለ፣ አምባሰል የሆነውን ብቻ ነው የሚፈልገው።

ዎርድፕሬስ ይህን የሚሠራበት መሣሪያ «ታክስ ኩዌሪ» ይባላል፤ ኩዌሪ ማለት ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። በብዙ ታክሶኖሚ በአንድ ጊዜ መጠየቅ የተቻለው እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ከወጣው 3.1 ወዲህ ነው። አሠራሩ ድርድር (በኮድ «አሬይ» የሚባለው የዋጋዎች ዝርዝር) ውስጥ ድርድር ነው። ውጪኛው ድርድር ላይ «ሪሌሽን» የሚል ቁልፍ አለ፤ እሱን «ኤንድ» ታደርጊዋለሽ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሳጥን አንድ ውስጠኛ ድርድር ታስገቢያለሽ። እያንዳንዱ ውስጠኛ ድርድር አራት ነገር ይዟል፦ የታክሶኖሚው ስም፣ «ፊልድ»፣ የተመረጡት ተርሞች፣ እና «ኦፕሬተር»። ኦፕሬተሩን «ኢን» አድርጊው። «ኢን» ማለት ከነዚህ ከአንዳቸው ውስጥ ያለ ማለት ነው። ለሪሌሽንም ለኦፕሬተርም የሚሰጡት ዋጋዎች፣ እንደ «ኤንድ» እና «ኢን» ያሉት፣ በትልልቅ የላቲን ፊደል ይጻፋሉ።

ፊልድ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ምንም ካልተጻፈ የሚወሰደው የተርሙ መለያ ቁጥር ነው። ከፎርሙ የሚመጣልሽ ስለግ ሆኖ ፊልዱን ካልገለጽሽ፣ ዎርድፕሬስ ቃሉን እንደ ቁጥር ይወስደውና ምንም አያገኝም። ስህተት ነው ብሎም አይነግርሽም። ባዶ ገጽ ብቻ። እኔ ቁጥሩን እመርጣለሁ። የፎርሙ ዋጋዎች የተርሞቹ መለያ ቁጥሮች ይሁኑ። ሲደርሱሽ እያንዳንዱን «አብስኢንት» በሚባለው፣ ያለ ታች ሰረዝ እንደ አንድ ቃል በሚጻፈው ፈንክሽን አሳልፊ። ከቁጥር ውጪ የገባውን ሁሉ ዜሮ ያደርገዋል፤ ዜሮዎቹን ደግሞ ጣያቸው። ሰው አድራሻው ላይ ያሻውን ሊጽፍ ስለሚችል ይህ የጥንቃቄ ሥራ አይዘለልም።

ኦፕሬተሩንም «ኤንድ» ለማድረግ ትፈተኚ ይሆናል። አታድርጊው። «ኤንድ» እዚያ ከገባ በደሴም በኮምቦልቻም የተመደበ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚመጣው። የባሰው ደግሞ እርከን ባለው ታክሶኖሚ ላይ ነው። ዎርድፕሬስ አንድ ተርም ሲመረጥ ልጆቹንም አብሮ ያስገባል። አምባሰል ስትመርጪ ውጫሌ አብራ የምትመጣው፣ ትዝታ ስትመርጪ ትዝታ ሜጀርና ትዝታ ማይነር አብረው የሚመጡት ለዚህ ነው። በ«ኢን» ይህ ጥሩ ነገር ነው። በ«ኤንድ» ግን ጽሑፉ እናቱንም ልጆቹንም ሁሉ እንዲያሟላ ይጠየቃል። የሚያሟላ ስለማይኖር ውጤቱ ባዶ ይሆናል። አንድ ቀን የግድ «ኤንድ» ካስፈለገሽ «ኢንክሉድ ችልድረን» የሚለውን ፎልስ አድርጊው።

ሁለተኛው ችግርሽ አንድ ሳጥን ሳይመረጥ ሲቀር ባዶ ገጽ መምጣቱ ነው። ኮድሽን ሳላየው ምክንያቱን መናገር እችላለሁ፤ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ነው። ሦስቱንም ውስጠኛ ድርድሮች ሁልጊዜ ትጨምሪያለሽ። ጎብኚው ቅኝት ካልመረጠ የቅኝቱ ድርድር ባዶ የተርም ዝርዝር ይዞ ይገባል። ጎብኚው ይህን ያደረገው «ማንኛውም ቅኝት ይሁን» ለማለት ነው። ዎርድፕሬስ ግን «ከምንም ውስጥ ያለ አምጣ» ተብሎ ነው የሚረዳው። ከምንም ውስጥ ያለ የለም። ስለዚህ አንድም አያመጣም።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። እያንዳንዱን ድርድር ከመጨመርሽ በፊት «የተመረጠ ተርም አለ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ካለ ጨምሪ። ከሌለ እለፊው። ሦስቱም ባዶ ከሆኑ ታክስ ኩዌሪውን ጭራሽ አታስገቢው፤ ሁሉም ጽሑፍ ይታይ።

እዚህ ላይ ስለ ስብስብሽ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መንዙማዎችሽና ቃለ መጠይቆችሽ አብዛኞቹ ቅኝት አልተመደበላቸውም። ተገቢም ነው፤ ሁሉም ነገር ቅኝት ሊሰጠው አይገባም። ግን «ቅኝት ያልተመደበላቸው» የሚል አንድ ምርጫ ብትጨምሪ ላንቺም ለሥራሽ ይጠቅምሻል። ለሱ ኦፕሬተሩን «ኖት ኤግዚስትስ» (በታች ሰረዝ ሳይሆን በክፍት ቦታ ተለያይቶ የሚጻፍ) ታደርጊና ተርሞቹን ትተያለሽ። የትኛው ጽሑፍ ሳይመደብ እንደቀረ በአንድ ጠቅታ ታውቂያለሽ። ይህ ኦፕሬተርም በ4.1 ነው የገባው።

ሦስተኛው ችግር፣ ሁለተኛ ገጽ ላይ ምርጫው መጥፋቱ፣ ከሁሉም የሚያደክመው ነው። ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም አብረው ሊኖሩም ይችላሉ።

አንዱ የፎርሙ አላላክ ነው። ፎርምሽ በ«ፖስት» ከሆነ የሚላከው፣ ምርጫው አድራሻው ላይ አይጻፍም። «ቀጣይ» የሚለው ሊንክ ሲነካ አብሮት የሚሄድ ነገር የለም። ወደ «ጌት» ቀይሪው። ያኔ ምርጫው አድራሻው ላይ ይቀመጣል። የዎርድፕሬስ የገጽ ቁጥር ሊንኮችም አድራሻው ላይ ያለውን ይዘው ይሄዳሉ። ሌላም ጥቅም አለው። አንድ ሰው «የሐይቅ አካባቢ ትዝታዎች» ብሎ ያጣራውን ውጤት አድራሻውን ቀድቶ ለጓደኛው ሊልክ ይችላል። ላንቺ ዓይነት ስብስብ ትልቁ ዋጋ ይሄ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ምክንያት የራስሽን ኩዌሪ ከዋናው ኩዌሪ ጎን መክፈትሽ ነው። ገጹ ሲከፈት ዎርድፕሬስ ራሱ አንድ ዋና ኩዌሪ ያካሂዳል። አንቺ ቴምፕሌቱ (የገጹን አቀራረብ የሚወስነው ፋይል) ውስጥ ሌላ ትከፍቻለሽ። የገጾቹን ቁጥር የሚቆጥረው ግን ዋናው ነው። ዋናው 60 ገጽ አለኝ ይላል፣ የተጣራው ሁለት ገጽ ብቻ ነው። ወይም በተቃራኒው ይሆንና «ገጹ አልተገኘም» ይመጣል። አዲስ ኩዌሪ አትክፈቺ፤ ዋናውን ራሱን፣ ከመካሄዱ በፊት፣ አስተካክዪው። ይህን የሚያስችለው ሁክ (የራስሽን ኮድ ዎርድፕሬስ ሥራ መሃል የምታስገቢበት ቦታ) «ፕሪ ጌት ፖስትስ» ይባላል። ሠርተሽ የጨረስሽውን ታክስ ኩዌሪ እዚያ ውስጥ «ሴት» በሚለው ትሰጪዋለሽ።

ሁኩ ላይ ሁለት በር ጠባቂ አቁሚ። መጀመሪያ፣ የአስተዳዳሪው ክፍል ውስጥ ከሆንሽ ውጪ። ሁለተኛ፣ ዋናው ኩዌሪ ካልሆነ ውጪ። እነዚህ ከሌሉ ማጣሪያው የጎን ዝርዝሮችንም፣ የአስተዳዳሪውን የጽሑፍ ዝርዝርም ይነካል። ዝርዝሩ የሚታየው ደግሞ የጽሑፎች ማኅደር ገጽ ላይ ይሁን። የፕለጊኑን ሾርትኮድ (ገጽ ውስጥ የሚለጠፍ አጭር መጥሪያ) አንድ ተራ ገጽ ውስጥ አስገብተሽ ከሆነ፣ የዚያ ገጽ ዋና ኩዌሪ ገጹ ራሱ ነውና ማጣሪያሽ ዝርዝሩን አይነካውም።

የፎርሙ ሳጥኖች ስም ላይም ተጠንቀቂ። በላቲን ፊደል «ኔም»፣ «ይር»፣ «ደይ» ተብለው የሚጻፉት ቃላት ለዎርድፕሬስ የራሱ ናቸው። ዓመተ ምሕረት የምትመርጪበት ሳጥን ጨምረሽ «ይር» ብለሽ ብትሰይሚው፣ ዎርድፕሬስ ጽሑፉ የወጣበትን ዓመት እንደጠየቅሽ ቆጥሮ «አልተገኘም» ይልሻል። ሰው ቀኑን ሙሉ ኮዱን ሲያገላብጥ ውሎ ጥፋቱ የሳጥኑ ስም ሆኖ ያገኘዋል። ከፊት ለፊቱ የራስሽን ሁለት ሦስት ፊደል ጨምሪበትና ተገላገዪ።

ኮዱን የት ላስቀምጠው ካልሽ፣ የራስሽ ትንሽ ፕለጊን ውስጥ። የጫንሽውን ፕለጊን ፋይል ከፍተሽ እንዳትነካኪ አደራ። ከዓመታት በፊት እኔ ለአንድ ደንበኛ ያንን አድርጌ ነበር። «ወይም»ን ወደ «እና» የሚቀይር አንድ ቃል ብቻ ነበር የነካሁት። ከወራት በኋላ ፕለጊኑ ታደሰ። የሠራሁት ሁሉ ጠፋ። ደንበኛው የጠራኝ በበዓል ዋዜማ ነው። ምን እንደነካሁ እንኳ የትም አልጻፍኩትም ነበር። ፕለጊኑን ማቆየት ከፈለግሽ መመሪያውን አንብቢ። ብዙዎቹ ኩዌሪው ከመካሄዱ በፊት ገብተሽ የምታስተካክዪበት የራሳቸው ሁክ አላቸው። ካለው የሠራሽውን ታክስ ኩዌሪ በዚያ አስገቢ። ከሌለው አራግፊው። ላንቺ ሥራ ከመቶ መስመር ያነሰ የራስሽ ኮድ ይበቃል።

ስለ ፍጥነት አትጨነቂ። 600 ጽሑፍ በሦስት ታክሶኖሚ ማጣራት ለዳታቤዙ ቀላል ነው። የሚከብደው ቦታንና ቅኝትን በካስተም ፊልድ (ከጽሑፉ ጋር በሚያያዝ ተጨማሪ የመረጃ ሳጥን) ማስቀመጥ ነው። የካስተም ፊልድ ዋጋ የሚቀመጥበት ዓምድ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፈጥን ማውጫ) የለውም። ስለዚህ ጽሑፉ በበዛ ቁጥር ፍለጋው ይንቀራፈፋል። የምታጣሪበት ነገር ታክሶኖሚ ይሁን። የምታሳዪው ብቻ የሆነ ነገር፣ ለምሳሌ የቀረጻው ርዝመት፣ ካስተም ፊልድ ይሁን። ገጹ ሳይታደስ ውጤቱ እንዲቀያየር በጃቫስክሪፕት መሥራትም ይቻላል። እኔ ግን መጀመሪያ ያለ እሱ ይሥራ እላለሁ። አንባቢዎችሽ አብዛኞቹ በስልክ፣ በሚቆራረጥ ኔትወርክ ነው የሚገቡት። ተራ ፎርምና ተራ ገጽ ሁልጊዜ ይከፈታል።

ያሉትን 600 ጽሑፎች ወደ አዲሶቹ ታክሶኖሚዎች ማዛወሩ ጊዜ ይወስዳል፤ አቋራጭ አልፈልግልሽም። ሌሎቹን ካቴጎሪዎች ከጽሑፎች ዝርዝር ላይ በጅምላ መርጠሽ መመደብ ትችያለሽ። «ባቲ» እና «አምባሰል» ስር ያሉትን ግን አንድ በአንድ ክፈቻቸው። የትኛው ስለ ገበያው፣ የትኛው ስለ ዜማው እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሁለቱንም የሆኑም አሉ፤ ባቲ ከተማ ውስጥ የተቀረጸ የባቲ ቅኝት ዘፈን በሁለቱም ይመደባል። ታክሶኖሚዎቹን ስትመዘግቢ «ሾው አድሚን ኮለም» የሚለውን ትሩ ካደረግሽ፣ ምደባው ዝርዝሩ ላይ በየዓምዱ ይታይሻል። የቀረሽን ለማየት ይረዳል። ከመጀመርሽ በፊት የዳታቤዙን ቅጂ አስቀምጪ።

ስትጨርሺ በባቲ ፈትኚው። ቦታ ላይ ባቲን ብቻ ምረጪና የመጣውን ብዛት ጻፊ። ከዚያ ቅኝት ላይ ባቲን ብቻ ምረጪና ጻፊ። ከዚያ ሁለቱንም ምረጪ። ሦስተኛው ቁጥር ከሁለቱ ከየትኛውም መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ሪሌሽኑ አሁንም «ኦር» ላይ ነው። ዜሮ ከሆነና ሁለቱንም የሚያሟላ ጽሑፍ እንዳለሽ ካወቅሽ፣ ፊልዱን ተመልከቺ። ሦስቱም ቁጥሮች እኩል ከመጡ ደግሞ የሳጥኖቹን ስም ከኮዱ ጋር አስተያዪ፤ ምርጫው ኩዌሪው ጋ አልደረሰም ማለት ነው።